የአንጎል ካርታና የሐኪም ቢላዋ



ዕጢ በሌላው የሰውነት ክፍል ላይ የበቀለ እንደ ሆነ፥ ሐኪሙ ከዙሪያው ካለው ጤነኛ ሥጋ ጭምር ቈርጦ ሊያወጣው ይችላል። በአንጎል ላይ ግን እንዲህ ማድረግ አይሆንለትም፤ ከዕጢው አጠገብ ያለችው ጥቂት ስፍራ የሰውየው አንደበት ወይም የእጁ ኀይል ልትሆን ትችላለችና። አብዝቶ ቢቈርጥ በሽተኛው ድዳ ወይም ሽባ ሊሆን ይችላል፤ አሳንሶ ቢቈርጥ የቀረው ዕጢ እንደ ገና ያድጋል።

ንግግር በአንጎል ውስጥ የራሱ ስፍራ እንዳለው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1861 ያስረዳው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ ነው። ይሁን እንጂ ስፍራው በሰው ሁሉ ዘንድ በትክክል አንድ አይደለም፤ ዕጢም ሲያድግ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ለያንዳንዱ በሽተኛ የራሱ ካርታ ሊነሣለት ያስፈልጋል።

ይህን ጥበብ ያስፋፉት በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዊልደር ፔንፊልድ ናቸው። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ በመርፌ የሚደነዝዘው የራስ ቆዳው ነው። በሽተኛው ነቅቶ ሳለ ሐኪሙ የአንጎሉን ገጽ በደካማ ኤሌክትሪክ ይነካል። ጣት ቢንቀሳቀስ ወይም ንግግር ቢቋረጥ፥ በዚያ ስፍራ ላይ ቍጥር የተጻፈበት ምልክት ይቀመጣል፤ ቢላዋውም ከዚያ ይርቃል።

በዛሬው ዘመን ከቀዶ ጥገናው በፊት በማግኔት መሣሪያ ምስል ይነሣል፤ በሥራውም ጊዜ በሽተኛው ሥዕል እያየ ስሙን ይናገራል። በ2012 የታተመና የ8,091 በሽተኞችን ውጤት የሰበሰበ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በኤሌክትሪክ ካርታ ሳይነሣ በተሠራባቸው ከመቶ 8.2 ያህሉ ከወራት በኋላም ያልለቀቀ ከባድ ጕዳት ሲያገኛቸው፥ ካርታ ከተነሣላቸው መካከል ግን ከመቶ 3.4 ብቻ ናቸው።

ነገር ግን ካርታው ሁሉን አያሳይም። ፔንፊልድ በ1928 የገዛ እኅታቸውን ዕጢ ከግንባር በኩል ካለው የአንጎል ክፍል ቈርጠው አወጡ። እኅታቸው መናገርም መራመድም አልተሳናቸውም፤ ሆኖም ከአንድ ዓመት በኋላ ለእንግዶች ራት ሲያዘጋጁ የትኛውን ሥራ አስቀድመው የትኛውን እንደሚያስከትሉ ግራ ገባቸው። ዕጢውም ተመልሶ በ1931 ዐረፉ።

እንግዲህ ጣትንና አንደበትን መጠበቅ ብቻ አይበቃም። ሥራን በቅደም ተከተል የሚያስኬደው ማስተዋልም ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ሐኪሞችም ዛሬ የሚደክሙት ይህን ጭምር ለመመርመር ነው።