«ጥቅስ»፣ «ጥቅሻ»፣ «ማጣቀሻ»፤ በተመን ሉህ ውስጥ የግራፍን የመረጃ አድራሻ በተቀጥላ መሣሪያ ስለ ማረም

የተመን ሉህ በጽሕፈት ቤቶቻችን የዕለት ተዕለት መሣሪያ ከሆነ ወዲህ፣ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆችና ከተርጓሚዎች የሚቀርቡልን የስያሜ ጥያቄዎች በዝተዋል። ከነዚህም መካከል ደጋግሞ የሚነሣው፣ አንድ ግራፍ ከተሣለባቸው ቁጥሮች ጋር ያለው ግንኙነት በአማርኛ ምን ይባል የሚለው ነው። ጥያቄው የስም ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ዳሩ ግን ስሙ ሲዛነፍ ሥራውም አብሮ እንደሚዛነፍ ከራሳችን ስሕተት ስለ ተማርን፣ በዚህ ጽሑፍ ቃሉንና ነገሩን አያይዘን እንመለከታለን።

ስሕተቱ የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ለመዝገበ ቃላት ዝግጅት ሥራችን ለየፊደሉ አንድ አንድ ግራፍ፣ በጠቅላላው 33 ግራፎች ነበሩን። እያንዳንዱ ግራፍ በየወሩ የተሰበሰቡትን፣ ፍቺ የተሰጣቸውንና የታረሙትን ቃላት በሦስት ዓይነት ቀለም ያሳያል። ቁጥሮቹ «2014» በተባለ ሉህ ላይ፣ ግራፎቹ ደግሞ ለብቻቸው በሌላ ሉህ ላይ ነበሩ። አዲሱ ዓመት ሲገባ «2015» የሚባል የቁጥር ሉህ ተዘጋጀ፤ የግራፎቹም ሉህ ተገልብጦ በየአርእስቱ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በእጅ ተለወጠ። በጥር ወር ግራፎቹ ታትመው ለስብሰባ ቀረቡ፤ የ«ፀ» እርማት ተጠናቋል ተብሎም አራሚዎቹ ወደሚቀጥለው ፊደል ተዛወሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ወረቀቱን አገላብጠው ሲያዩ፣ «ሐምሌ ገና ሳይመጣ የሐምሌን ሥራ ማን ሠራው?» ሲሉ ጠየቁ። እውነትም ግራፎቹ እስከ ጳጉሜን ድረስ ሞልተው ይታዩ ነበር። አርእስታቸው የ2015፣ ቁጥራቸው ግን የ2014 ነበረ።

ግራፎቹን የገለበጡት ሠራተኛ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ለቋንቋ ጥናት ሰው የሚያመራምር ነው፤ «እኔ እኮ ግራፉን ስገለብጥ ቁጥሩን የተውኩት መስሎኝ» አሉ። ግራፍ ቁጥሮቹን በሆዱ ይዞ የሚዞር ዕቃ መስሏቸው ስለ ነበር፣ በአዲስ ሉህ ላይ ሲያርፍ የአዲሱን ዓመት ቁጥር የሚሞላ ባዶ ዕቃ ይሆናል ብለው አስበዋል። ግራፍ ግን ቁጥር አይዝም። የሚይዘው የቁጥሮቹን አድራሻ ነው።

አድራሻ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከፊደል ገበታ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። በፊደል ገበታ ላይ እያንዳንዱ ሆሄ በረድፍና በዓምድ መጋጠሚያ ላይ ተቀምጧል፤ «የለ ካዕብ» ሲባል «ሉ»ን፣ «የመ ሣልስ» ሲባል «ሚ»ን የማያገኝ ተማሪ የለም። የተመን ሉህም እንዲሁ ነው። ዓምዶቹ በላቲን ፊደላት፣ ረድፎቹ በቁጥር ይጠራሉ፤ «ቢ2» ማለት የሁለተኛው ዓምድና የሁለተኛው ረድፍ መጋጠሚያ ነው። ለዚህ መጋጠሚያ «ሕዋስ» የሚለው ስያሜ ቢለመድም፣ ቃሉ በሥነ ሕይወትም በፖለቲካ ድርጅት አጠራርም ሥራ ስለ በዛበት፣ እኛ «ቤት» የሚለውን እናስቀድማለን። «የሀ ቤት፣ የለ ቤት» እያለ ላደገ አንባቢ ቤትና አድራሻ ተስማሚ ጎረቤቶች ናቸው።

በኤክሴል የተሣለ ግራፍ ላይ አንዱ ተርታ ሲመረጥ፣ ከላይ በቀመር መጻፊያው ላይ አድራሻው ይገለጣል። የላቲኑን ፊደል በእኛው ተክተን ስንጽፈው የሚከተለውን ይመስላል፦

=ሲሪስ('2014'!$ቢ$1፣ '2014'!$ኤ$2:$ኤ$14፣ '2014'!$ቢ$2:$ቢ$14፣ 1)

በቅንፍ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የተርታው ስም የተጻፈበት ቤት ነው። ሁለተኛው ወራቱ የተዘረዘሩበት ነው፤ ከ2 እስከ 14 የሆነው የእኛ ዓመት 13 ወራት ስላሉት ነው። ሦስተኛው የቁጥሮቹ፣ አራተኛው ደግሞ ተርታው በግራፉ ውስጥ ስንተኛ እንደ ሆነ የሚያመለክት ነው። የሉሁ ስም በእያንዳንዱ ቀመር ውስጥ ሦስት ጊዜ እንደሚገኝ ልብ ይሏል። በነጠላ ጭረት የተከበበው፣ ስሙ በአኃዝ ስለሚጀምር ነው።

የዶላሩን ምልክት የገንዘብ ነገር አድርገው የሚገምቱ አሉ፤ ግምቱ አያስቅም፣ ምልክቱ ሌላ ትርጉም እንዳለው የነገራቸው የለምና። በተመን ሉህ ምልክቱ የሚያገለግለው አድራሻው እንዳይንቀሳቀስ ለመቸንከር ነው። በቋንቋ «ትናንት»፣ «እዚህ»፣ «ከጎኔ ያለው» የሚሉት ቃላት ተናጋሪው ሲለወጥ የሚያመለክቱት ይለወጣል፤ «መስከረም 1 ቀን 2014 ዓ.ም.» የሚለው ግን ማንም ቢናገረው ያው ነው። ያልተቸነከረ አድራሻ እንደ መጀመሪያዎቹ፣ የተቸነከረው እንደ ኋለኛው ነው። የግራፍ ቀመር ደግሞ ሁልጊዜ የተቸነከረ አድራሻ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ የሉሁንም ስም የግድ ይጠራል። ከላይ የተነገረው ጥፋት የመጣውም ከዚህ ነው፤ የተገለበጠው ግራፍ የታዘዘውን አድራሻ አጥብቆ ያዘ እንጂ አልተሳሳተም።

እንግዲህ ወደ ስያሜው እንመለስ። በሥራ ላይ ያለው ቃል «ማጣቀሻ» ነው። ሥሩ «ጠቀሰ» ሲሆን፣ ይህ ግሥ በአማርኛ ብዙ ፊት አለው፤ እንጀራ በወጥ፣ ብርዕም በቀለም ይጠቀሳል፤ ከመጽሐፍ ቃል ይጠቀሳል፤ ሰውም በዓይን ይጠቀሳል። ከዚህ ከአንድ ሥር ሁለት ስሞች ተወልደው እርስ በርስ ተቃራኒ የሆነ ሥራ ይሠራሉ። «ጥቅስ» የሌላውን ቃል እንዳለ አምጥቶ እዚህ ያሰፍራል፤ ምንጩ ቢቃጠል እንኳ ጥቅሱ ይቀራል። «ጥቅሻ» ግን ምንም አያመጣም፤ ዓይን ወደዚያ እንዲመለከት ያደርጋል እንጂ። ከዚያ የነበረው ሰው ሄዶ በምትኩ ሌላ ከቆመ፣ የሚታየው ያ ሌላው ነው።

ግራፍ ለቤቶቹ የሚያደርገው ጥቅሻ እንጂ ጥቅስ አይደለም። ከባልደረቦቻችን አንዱ ይህን ሲረዱ ስያሜው «ጥቅሻ» ይሁን ብለው በጽኑ ተከራክረው ነበር፤ በትርጉም ረገድ ክርክራቸው የሚነቀፍ አልነበረም። ሆኖም በመማሪያ መጽሐፍ ላይ «የግራፉን ጥቅሻ አስተካክል» ተብሎ ሲጻፍ ክፍሉ በሣቅ እንደሚሞላ ስለ ታየን ሳንቀበለው ቀረን። «ማመልከቻ»ም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን አንባቢውን በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት መስኮት ይወስደዋል። «ጠቋሚ»ም ከሰው ላይ ወሬ አቀባይ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ «ማጣቀሻ»ን ይዘን፣ ፍቺው በጥቅሻው ወገን እንዲጻፍ ወስነናል፤ ይኸውም «የሌላ ቤት ይዘት ሳይገለበጥ በአድራሻው ብቻ የሚጠራበት» ተብሎ ነው። ቁጥሩ ራሱ በቀመሩ ውስጥ ሲጻፍ ደግሞ «ጥቅስ» መባሉ ተገቢ ነው። ይህ በሥራ ላይ ያለ ልዩነት ነው፤ በቀመር መጻፊያው ላይ የቁጥሮቹን አድራሻ መርጦ ኤፍ9 የተባለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው አድራሻው በቁጥሮቹ ተተክቶ ያገኘዋል፤ ማጣቀሻው ጥቅስ ሆነ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሉሁ ቢለወጥ ግራፉ አይሰማም።

ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ እርማቱ ቀላል ሥራ አልነበረም። 33 ግራፎች ሦስት ሦስት ተርታ ስላላቸው ቀመሮቹ 99፣ የሉሁ ስም የሚገኝባቸው ቦታዎች 297 ናቸው። የኤክሴል የመፈለጊያና የመተኪያ ትእዛዝ ወደ ቤቶች እንጂ ወደ ግራፍ ቀመሮች አይገባም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚያገለግል ተቀጥላ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው የሚሠራው ረቂቅ ነገር አይደለም፤ የተመረጠውን ግራፍ ወይም በሉሁ ላይ ያሉትን ግራፎች ሁሉ እየተመለከተ የየተርታውን ቀመር እንደ ተራ ጽሑፍ ያነባል፣ የተነገረውን ቃል በሌላ ተክቶ መልሶ ይጽፋል።

«እንደ ተራ ጽሑፍ» ያልነውን አንባቢ ልብ ይበል፤ መሣሪያው ዓመትን ከረድፍ፣ አድራሻን ከስም አይለይምና። በመጀመሪያው ሙከራችን ጊዜ ለመቆጠብ ብለን «14»ን በ«15» ተካ አልነው። ተካ። «2014» «2015» ሆነ፤ ነገር ግን «$14»ም «$15» ሆነ፤ 15ኛው ረድፍ ደግሞ የዓመቱ ድምር የሰፈረበት ነበር። ከጳጉሜን ቀጥሎ «ድምር» የሚባል 14ኛ ወር በ33ቱም ግራፎች ላይ ዘንጉን አቁሞ ቆመ። መሣሪያው የሠራውን የመሻሪያው ትእዛዝ ስለማይመልሰው፣ አስቀድሞ ቅጂ ማስቀመጥ ግዴታ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን። የሚተካው ቃል «'2014'!» ተብሎ ከነጭረቱና ከነቃለ አጋኖው ሲሰጥ ግን ከሉሁ ስም በቀር ምንም አይነካም። ዓምድ ለመለወጥም እንደዚሁ ፊደሉን ከዶላሩ ምልክት ጋር መስጠት ይገባል፤ አለዚያ አምስተኛውን የላቲን ፊደል የሚተካ ሰው «ሲሪስ» በሚለው ስም ውስጥ ሁለት ጊዜ ያገኘዋልና ቀመሩን ያፈርሰዋል።

ሉሁን «ዘንድሮ» ብሎ በመሰየም ከዚህ ሁሉ ድካም መዳን ይቻላል የሚል አሳብም ቀርቦልናል፤ በየዓመቱ አዲሱ ቁጥር በዚያው ሉህ ላይ ይጻፋል፣ ግራፉም ሳይነካ ይኖራል። አሳቡ መልካም ነው፤ ግን አንድ አደጋ አለው። ዓመቱ ሲያልቅ የሉሁን ስም «2015» ብሎ የሚለውጥ ሰው፣ ግራፎቹ ስሙን ተከትለው ወደ «2015» እንደሚሄዱ ማወቅ አለበት። አዲስ «ዘንድሮ» ቢፈጠር ወደ እርሱ አይመለሱም። ቁጥሮቹን ወደ ሌላ ሉህ ገልብጦ «ዘንድሮ»ን ባዶ ማድረግ ይሻላል።

«ተቀጥላ» ስላልነው ጥቂት እንበል። «ቅጥያ» በሰዋስው ተይዟል፤ በፋይል ስም መጨረሻ ለሚመጣውም ተለምዷል። «ተጨማሪ» ደግሞ ምን ላይ እንደ ተጨመረ አይናገርም። «ተቀጥላ» ግን በሌላ አካል ላይ በቅሎ በእርሱ የሚኖር ነገር በመሆኑ፣ ያለ ዋናው ፕሮግራም ለብቻው የማይሠራ መሣሪያን በደንብ ይገልጣል። «ተርታ» የሚለው ግን ገና አልጸደቀም፤ «ተርታ ሰው» ከሚለው አነጋገር የተነሣ ዝቅ ያለ ስሜት አለው የሚሉ ስላሉ፣ «ተከታታይ» ከሚለው ጋር ተወዳዳሪ ሆኖ በካርድ ላይ ይገኛል።