ተማሪ በድኻ ደጅ

በቀድሞው ሥርዓት የቆሎ ተማሪ የሚማረው በመምህሩ እግር ሥር ብቻ አልነበረም። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየመንደሩ ሲዞር፥ የትኛው ቤት እንጀራ እንደ ተረፈው፥ የትኛውም ቤት ለልጆቹ እንኳ እንዳልበቃው ከማንም ይልቅ ያውቅ ነበር። ውሻው ቢያባርረውም ቁራሹን ቆርሶ የሚሰጠው ያው ድኻው ገበሬ ነበረ። ስለዚህ ዜማውንና ቅኔውን ጨርሶ ለአገልግሎት ሲቆም፥ የሚያገለግለው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር እንግዳ አይሆንበትም።

የዛሬው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግን መኝታውም ማዕዱም በግቢ ውስጥ ነው። አራት ወይም አምስት ዓመት ተምሮ ሲመረቅ፥ ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ባልቴት ሳያውቃት ሊወጣ ይችላል። «ተማሪው ራሱ ከድኻ ቤት የመጣ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ብዙው እንዲሁ ነው። ዳሩ ግን በድህነት ማደግ ሌላ፥ ድህነት ከምን እንደሚመጣና በምን እንደሚቃለል መርምሮ ማወቅ ሌላ ነው። የታመመ ሁሉ ሐኪም አይሆንም።

ትምህርትን ከድኻው ኑሮ ጋራ ለማገናኘት በአገራችን የተደረገው ሙከራ የቆየ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ የጤና መኰንኖችን፥ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድነት እያሠለጠነ፥ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልካቸው ነበር። አንዱ በሽተኛውን ሲመረምር፥ ሁለተኛዋ እናቲቱን በቤቷ ስትጎበኝ፥ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፥ በ1957 ዓ.ም.፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የአገልግሎት ዓመት ተጀመረ፤ ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ግዴታ ሆነበት። አብዛኞቹ የተመደቡት በአስተማሪነት ነው። መምህር ላጡ ትምህርት ቤቶች ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ነገር ግን ሕግ ወይም ሌላ ሙያ የሚያጠናው ወጣት በዚያ ዓመት ያየው ኑሮ ከገዛ ትምህርቱ ጋራ የሚገናኝበት መንገድ ጠባብ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። ይህ ግን ትምህርት ተቋርጦ የተደረገ ዘመቻ ነበረ እንጂ የትምህርቱ ክፍል አልነበረም።

ለእኛ ይልቁን የሚያስተምር የሚመስለን የጅማው ሥርዓት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፥ ኋላም በ1992 ዓ.ም. ከእርሻ ኮሌጁ ጋራ ተዋሕዶ ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ ማኅበረሰብ ተኮር የተባለውን ትምህርት ከመጀመሪያው የመሠረቱ ድንጋይ አደረገው። ተማሪው ሊመረቅ ሲል ሳይሆን ገና ከጅምሩ ወደ መንደር ይወጣል። መጀመሪያ ቤቱንና ቤተሰቡን ቈጥሮ፥ ጠይቆ፥ ችግሩን ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተመልሶ የትኛው ችግር እንደሚቀድም ከነዋሪዎቹ ጋራ ይመክራል፤ ከዚያም ዐቅም የፈቀደው ሥራ ይሠራል፤ በመጨረሻም ሥራው ጸንቶ እንደ ሆነ ይመረምራል። በመጨረሻው ዓመት ልዩ ልዩ ሙያ የሚማሩት ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ይህ ሁሉ እንደ ማንኛውም ትምህርት በማርክ ይመዘናል።

የሥርዓቱን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንመልከት። አንድ ሕፃን በተቅማጥ ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ፥ የጠፋው ውሃና ጨው ተተክቶለት ድኖ ይሄዳል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ታሞ ይመለሳል። በክፍል ውስጥ ብቻ የተማረው ወጣት «እናቲቱ ቸልተኛ ናት» ይላል። እስከ ቤቷ የተከተላት ግን ሌላ ነገር ያያል፤ ውሃው ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ነው፤ ንጹሑ ምንጭ ሩቅ ነው፤ እርሷም ውሃ ልትቀዳ ብትውል የዕለት ሥራዋ ይቀርና ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ፤ ሳሙናውም ከበርበሬው ጋራ በአንድ ሳንቲም ላይ ይጣላል። እንዲህ ያየ ተማሪ ምንጩን ማጠርና ከከብቱ መለየት ከመድኀኒቱ ጋራ እኩል ሥራ መሆኑን ይማራል። ይህን ማንም መጽሐፍ እንዲህ አያስተምረውም።

እንግዲህ አደጋው የት ላይ ነው? ድኻውን የመማሪያ ዕቃ ማድረጉ ላይ ነው። አንዲት ባልቴት በየዓመቱ ልጅሽ ስንት ነው፥ ፍየልሽ ስንት ነው፥ መጸዳጃ አለሽ ወይ እየተባለች ስትጠየቅ ኖራ፥ አንድም ነገር ሳይለወጥላት ከቀረ፥ ተማሪው ማርኩን ከእርሷ ጊዜ ወስዶ ሄዷል ማለት ነው። ይባስ ብሎ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅጹን በግምት የሚሞላም አለ። ወላጆችም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለንም። ልጃችን ለሥራ ልምምድ ራቅ ወዳለ ወረዳ ተመደበ ሲባል፥ ዘመድ ፈልገን፥ ደጅ ጠንተን ወደ ከተማ ቢሮ የምናዛውረው ስንቶቻችን ነን? በዚያም ቢሮ ልጁ ፎቶ ኮፒ ሲያነሣ ሰንብቶ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ ይመለሳል።

ተማሪዎች ወደሚመጡበት መንደር የምትኖሩ ቤተሰቦችም ድርሻ አላችሁ። ወንበር ሰጥታችሁ፥ ቡና አፍልታችሁ ማስተናገዳችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ንገሯቸው፤ ለእንግዳ ብላችሁ ጎደሎውን አትሸፍኑ። «ዐምና የመጡት ምን አገኙ?» ብላችሁም ጠይቁ። የነፍስ አባቶችም የትኛው ቤት ጭሱ እንደማይወጣ ያውቃሉና፥ ለወጣቶቹ መንገድ መሪ ቢሆኑ ብዙ ያተርፋሉ።

አንድ ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው እንለምናለን። የተማሪው ጥናት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ከመምህሩ እጅ ወደ መደርደሪያ ይገባል፤ የተጠየቀው ሰው አያነበውም። ከዚያ ጥናት አንዲቷ ገጽ በመንደሩ ቋንቋ፥ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ፥ ትጻፍ። ተማሪው ራሱ ሳይመለስ በፊት በቀበሌው ስብሰባ፥ ቢቻልም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ ፈቅደው በዐውደ ምሕረት ቆሞ ያንብባት፤ ያችም ባልቴት ከሕዝቡ መካከል ሆና ትስማው።