የእንጦጦ ባሕር ዛፍና የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት

እንጦጦ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የሚገኝ ተራራ ሲሆን ምሥራቃዊ ወገኑ በየካ ክፍለ ከተማ ነው። ባሕር ዛፉ ለኮሌጅ የአካባቢ ሳይንስ ትምህርት፣ የአንድ ቦታ ችግር ከዓለም ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ማሳያ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጥዱና የወይራው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ስለተመናመነ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። በዘመናቸው የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግና ሲቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ረዳ።

ነገር ግን ዛፉ ብዙ ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩም ሌላ ተክል እምብዛም አይበቅልም። ተመሳሳይ ክርክር በፖርቱጋልና በህንድም አለ። በእንጦጦ ደግሞ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚሸጡ ሴቶች ለረጅም ዓመታት ተዳድረውበታል። ስለዚህ በአገር በቀል ዛፎች ሲተካ፣ ከአፈሩና ከውሃው ጋር የሴቶቹ ገቢም አብሮ የሚታይ ጉዳይ ነው።