ሜድፎርድ ያለውን የሮያልን ቤት ስትጎበኙ ምን ትጠይቃላችሁ?

ቦስተንና አካባቢው የምትኖሩ፣ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣባችሁ ሃርቫርድንና ወደቡን ካሳያችሁ በኋላ የት እንደምትወስዱት ይጨንቃችኋል። ዛሬ ሐበሻ ብዙም የማይሄድበትን አንድ ቦታ ልጠቁማችሁ። ከቦስተን በስተሰሜን፣ ሜድፎርድ ከተማ ጆርጅ ጎዳና ላይ፣ «ሮያል ሃውስ ኤንድ ስሌቭ ኳርተርስ» የሚባል ሙዚየም አለ። የቅኝ ግዛት ዘመን ባለጸጋ መኖሪያና፣ አጠገቡ በባርነት የያዛቸው ሰዎች ማደሪያ ነው። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ባለቤቱ አይዛክ ሮያል ሀብቱን ያፈራው አንቲጓ በምትባለው የካሪቢያን ደሴት፣ በሸንኮራ አገዳና በባሪያ ንግድ ነው። በ1732 ሜድፎርድ ላይ ሰፊ እርሻ ገዛ። ቤቱን ሲያስፋፋና ሲያሳምር ከርሞ በ1737 ቤተሰቡን ይዞ ገባ፤ ቢያንስ 27 አፍሪካውያንንም በባርነት ይዞ መጣ። በእሱና ስሙን በወረሰው ልጁ ዘመን የሮያል ቤተሰብ እዚህ በባርነት የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ከ60 ይበልጣል።

ቤቱ ለዓይን ያምራል። ባለ ሦስት ደርብ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ያለው የእንጨት ግድግዳ የተጠረበ ድንጋይ እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። ማደሪያው ደግሞ ከዋናው ቤት ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው። በሰሜኑ የአሜሪካ ክፍል እስከ ዛሬ ቆሞ የሚታይ የባሮች ማደሪያ ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ባርነት የደቡቡ ነገር ብቻ ነበር ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሙዚየሙ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይተርክም ነበር። ቤቱን ከመፍረስ ያዳኑት የአካባቢው ሴቶች ናቸው፤ ለሕዝብ የተከፈተውም በ1908 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ጎብኚ የሚሰማው ስለ ዕቃው ማማርና በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ እዚያ ስለሰፈረው ጄኔራል ጆን ስታርክ ነበር። ከ1999 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ግቢውን ሲቆፍሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የዕቃ ቁርጥራጮች አወጡ። ከዚያ ወዲህ በማደሪያው የኖሩት ሰዎች ወደ ትረካው መሀል መጡ፤ የሙዚየሙ ስምም ማደሪያውን ጨምሮ መጠራት ጀመረ።

ከነዚያ ሰዎች ታሪኳ ልቤን የነካው ቤሊንዳ ሰተን ናት። ዛሬ ጋና ከምንለው አገር በልጅነቷ ተሰርቃ የተሸጠች ሴት ናት። ልጅየው ሮያል በ1775 ጦርነቱ ሊፈነዳ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሸሽቶ ሄደ፤ ንብረቱንም መንግሥት ያዘው። ቤሊንዳም በ1783 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበች። ነገሩ ባጭሩ፣ ይህን ሀብት ያፈራው የእኔም ጉልበት ነውና ከእሱ ልጦር የሚል ነው። ምክር ቤቱ ከሮያል ንብረት በዓመት 15 ፓውንድ ከ12 ሺልንግ ወሰነላት። ክፍያው ግን ወዲያው ተቋረጠ፤ እሷም ዝም አላለችም፣ ደጋግማ አቤት አለች።

የሮያል ገንዘብ ሌላም ቦታ ደርሷል። ልጅየው ለሃርቫርድ የተናዘዘው ርስት የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ የሕግ ፕሮፌሰር መደብ በ1815 እንዲቋቋም አስችሏል። የሕግ ትምህርት ቤቱ አርማ ላይ የነበሩት ሦስት የስንዴ ነዶዎችም ከዚሁ ቤተሰብ አርማ የተወሰዱ ናቸው፤ ተማሪዎች ተቃውመው በ2016 አርማው ተነሣ። እንግዳችሁን ሃርቫርድ ካሳያችሁት፣ ሜድፎርድም ውሰዱት የምለው ለዚህ ነው።

ጉብኝቱ የሚካሄደው በሞቃታማዎቹ ወራት፣ በአስጎብኚ ነው። ከዚህ ሌላ የታሪክ ተመራማሪዎች የሚጋበዙበት ሕዝባዊ ንግግር ይዘጋጃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚካሄደውም በዚያው በማደሪያው ሕንጻ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ቀድማችሁ አጣሩ። ደረጃ የሚከብዳቸው እናቶችና አባቶች አብረዋችሁ ካሉም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

አስጎብኚውን እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ጠይቁልኝ፦

1. በዚህ ማእድ ቤት እሳት የሚያነደው ሰው የት ነበር የሚተኛው?
2. የሰዎቹን ስም በምን አወቃችሁ? (የኑዛዜና የንብረት ዝርዝር መዛግብት ከነገር ሁሉ በላይ ይናገራሉ።)
3. ከግቢው ቁፋሮ የወጣው የትኛው ነው የጌቶቹ፣ የትኛውስ ነው የባሮቹ?

ጥያቄው የፈረንጅ ቤት ብቻ አይደለም። ባርነት በእኛም አገር ነበር፤ በአዋጅ የተሻረው በ1942፣ በእኛ አቆጣጠር በ1934 ነው። ጅማ ወርዳችሁ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ስትጎበኙ፣ አዲስ አበባም የመኳንንቱን አሮጌ ቤቶች ስታዩ፣ ውኃውን ማን ይቀዳ፣ እንጨቱን ማን ይፈልጥ እንደነበር ጠይቁ። የቤት ውበት ማድነቅ ነውር የለውም፤ ባለሙያውንና አገልጋዩን ሳይጠይቁ መውጣት ግን ጉብኝቱን ግማሽ ያደርገዋል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሄዳችሁ ካላችሁ ያያችሁትን ከታች ጻፉልን፤ ቦስተን አካባቢ ላሉ ወዳጆቻችሁም አጋሩ።