ስለ አሳማ ርቢ ሥራና ስለ መኖው ጥያቄ

በኮልፌ ቀራኒዮ መንደሮች ላም፣ በግና ዶሮ ማየት የተለመደ ነው፤ አሳማ ግን እምብዛም አይታይም። ምክንያቱም ለአንባቢ የተሰወረ አይደለም። በዚህ ክፍለ ከተማ የእስልምናና የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ሁለቱም የአሳማ ሥጋ አይበሉም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11፣ አሳማ ሰኮናው የተሰነጠቀ ቢሆንም ስለማያመሰኳ ርኩስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ቁርኣንም ይከለክለዋል። ይሁን እንጂ ሥራው በአገራችን አለ። በተለይ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በቢሾፍቱ የአሳማ እርባታዎች ይገኛሉ፤ ሥጋውም በአብዛኛው የሚሸጠው ለሆቴሎችና ለውጭ አገር ሰዎች ነው። እኛም አንድ የኮልፌ ወጣት በዚህ ሥራ ለመተዳደር ቢያስብ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባውን ባጭሩ እንገልጻለን።

አሳማ ፈጥኖ የሚራባ እንስሳ ነው። እርግዝናው 114 ቀን ያህል ይቆያል፤ ይኸውም ሦስት ወር ከሦስት ሳምንት ከሦስት ቀን ማለት ነው። እናቲቱ በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 12 ግልገሎች ልትወልድ ትችላለች። በደንብ የተመገበ ግልገልም ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ 90 ኪሎ ያህል ይመዝናል።

ሠራተኛው ማደሪያውን በመጥረግ ብቻ ሥራውን አይፈጽምም። እናቲቱ ስትተኛ ግልገሎቿን ልትጨፈልቅ ስለምትችል በምጧ ሌሊት መንቃት፣ በጋጣውም ዳር አግዳሚ መሥራት ያስፈልጋል። በወተቷ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ስለማይበቃ ግልገሎቹ በመጀመሪያው ሳምንት የብረት መርፌ ይወጋሉ። አሳማ በላብ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ስለማይችል በሙቀት ጊዜ ውሃና ጥላ ይሻል፤ በጭቃ የሚንከባለለውም ስለዚሁ እንጂ ቆሻሻ ወድዶ አይደለም። ከአርቢው ሌላ መኖ አዘጋጁ፣ የእንስሳት ሐኪሙ፣ አራጁና ሥጋ መርማሪው ከዚሁ ሥራ እንጀራቸውን ያገኛሉ።

ከወጪው ሁሉ የሚበልጠው የመኖ ዋጋ ነው። ፉርሽካና ፋጉሎ በገንዘብ ይገዛሉ፤ የሆቴል ትራፊና አተላ ግን በርካሽ ይገኛሉ። የከተማው ትራፊ ወዴት ሲጣል እንደ ኖረ ደግሞ የኮልፌ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። በረጲ የሚገኘው ቆሼ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲከማችበት ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ስለዚህ የምግብ ትራፊን ገና ከሆቴሉ ሳለ ለይቶ ለአሳማ ማብላት መልካም አሳብ ይመስላል።

ነገር ግን ርካሹ መኖ በሚመጣበት መንገድ በሽታም ይመጣል። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በ1921 እ.ኤ.አ. ከኬንያ በወጣ ጥናት የታወቀ ነው። ቫይረሱ በከርከሮና በመዥገር ውስጥ ይኖራል፤ ከርከሮውን እምብዛም ሳይጎዳ የቤት አሳማን ግን በጥቂት ቀናት ይገድላል። ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። በኢትዮጵያ ከ2011 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአሳማ እርባታዎች ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ የተወሰደው ናሙና ሲመረመርም ቀድሞ ያልታወቀ የቫይረሱ ዝርያ ተገኝቷል። ቫይረሱ በቀዘቀዘና በደረቀ ሥጋ ውስጥ ለወራት ይቆያል። እንግዲህ የአሳማ ሥጋ የሚገዛው ሆቴል ትራፊውንም የሚሰጥ ስለ ሆነ፣ በባልዲው ውስጥ የተገኘ አንድ ቁራጭ ሥጋ በረቱን ሁሉ ባዶ ሊያስቀር ይችላል።

መከላከያው ከባድ ጥበብ አይደለም፤ ድካምና ማገዶ ግን ይጠይቃል። ትራፊውን በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ እያማሰሉ፣ ቢያንስ ለ1 ሰዓት መቀቀል ነው። አዲስ የተገዛውን አሳማ ለብቻው ማቆየት፣ እንግዳ ሰው ከነጫማው ወደ ጋጣ እንዳይገባ መከልከልም ይገባል። ስለዚህ ትርፉን የሚያሰላ ሰው የማገዶውን ዋጋ ከመኖው ዋጋ ጋር ይደምር፤ ይህን ሳያደርግ ትራፊ ርካሽ ነው ቢል ሒሳቡ ጎዶሎ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጎረቤት ነው። በጠባብ ግቢ ውስጥ ሽታውና ፍሳሹ ወደ ሌላው ደጅ ይደርሳል፤ እንስሳውን ርኩስ ብሎ ለሚያምን ሰው ደግሞ ቅሬታው እጥፍ ይሆናል። በእኛ አስተያየት እርባታው ከመኖሪያ መንደር መራቅ አለበት። ወጣቱም ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት በአንድ የቢሾፍቱ እርባታ ተቀጥሮ፣ ቢያንስ አንድ ወሊድ ከምጥ እስከ ሽያጭ ቢከታተል ይጠቀማል።