ስለ ሜታሊክ ኢፖክሲ ወለል

ቀድሞ የመኪናና የአሮጌ ዕቃ ማደሪያ ብቻ የነበረው የአሜሪካ ቤት ጋራዥ፣ ዛሬ ዛሬ ድግስ ሲኖር ወንበር የሚደረደርበት፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩ ወገኖቻችንም የክርስትናና የልደት እንግዳ የሚስተናገድበት አዳራሽ እየሆነ ስለ መጣ፣ ባዶው ግራጫ ሲሚንቶ ባለቤቱን ቅር ቢያሰኘው የሚደንቅ አይደለም። ለዚህ ወለል ከሚቀርቡት ጌጦች መካከል ዓይንን ፈጥኖ የሚማርከው፣ ነገር ግን ሳይመረምሩ የመረጡትን ሁሉ የማያስደስተው፣ ሜታሊክ ኢፖክሲ የሚባለው ነው።

ኢፖክሲ፣ ሬዚንና ማጠንከሪያ የተባሉ ሁለት ፈሳሾች በተወሰነ ልክ ተደባልቀው በኬሚካዊ ተዋሕዶ የሚፈጥሩት ጠጣር አካል ነው፤ እንደ ተራ ቀለም ማቅጠኛው በኖ ሲያልቅ የሚደርቅ ሳይሆን፣ ሁለቱ አንድ ሆነው የሚጸኑ ስለ ሆኑ፣ ከተዋሐዱ በኋላ ወደ ቀድሞ ባሕርያቸው አይመለሱም። ጥንተ ነገሩን ለሚሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚስማማ ነገር ሲፈልግ የደረሰበት፣ በአሜሪካም ሲልቫን ግሪንሊ በበኩሉ ያዳበረው ግኝት ሲሆን፣ ሲባ የተባለው የባዝል ኩባንያ በ1946 አራልዳይት ብሎ ሰይሞ ማጣበቂያ አድርጎ ለሕዝብ አሳይቶታል። ሜታሊክ የሚያሰኘው ደግሞ በውስጡ የሚበተነው ደቃቅ ዱቄት ነው፤ ይህም ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ እንደ ቅርፊት የሳሳ ሚካ ሆኖ፣ በቲታኒየም ኦክሳይድ ወይም በብረት ኦክሳይድ የተለበጠ ነው። ብርሃን ከፊሉ ከልባጩ ገጽ፣ ከፊሉ ከሥሩ እየተንጸባረቀ ስለሚመለስ፣ ቅርፊቶቹም አንዱ ጋደል፣ ሌላው ቀና ብሎ ስለሚተኛ፣ ሰው በወለሉ ላይ ሲራመድ ኅብረ ቀለሙ አብሮት የሚለዋወጥ ይመስለዋል።

አሠራሩን ቀርቦ ያየ ሰው ግንበኛንና ሠዓሊን ባንድ ጊዜ ያያል። አስቀድሞ ብዙውን ጊዜ ጥቁር የሆነ፣ ፕራይመር የሚባል የሥር ቀለም ይቀባል፤ ከዚያም ሜታሊኩ በባልዲ እየተበጠበጠ ወዲያው በወለሉ ላይ ይፈሳል፤ በባልዲው ውስጥ ከዘገየ ራሱ በሚያፈልቀው ሙቀት እየጋለ፣ አንዳንዴም እየጨሰ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይረጋልና። ሠራተኛው ሹል ብረት የተተከለበት ጫማ አድርጎ በእርጥቡ ሽፋን ላይ እየተራመደ፣ በጥርሳም መጥረጊያ ይገፋዋል፣ በሩሎ ያለዝበዋል፣ ሁለተኛውንም ቀለም በጅማት በጅማት ያፈስበታል፤ በመጨረሻም አልኮል በረጪ ጠርሙስ ሲያርከፈክፍበት፣ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ ቀለሙን ወደ ዳር እየገፋ እንደ እንጀራ ዓይን ይከፈታል። የጋራዥ ወለል ደግሞ ውሃ እንዲወጣ ወደ በሩ ዘንበል ተደርጎ የሚሠራ በመሆኑ፣ ፈሳሹ ሠራተኛው ከሄደ በኋላም ቀስ እያለ ቁልቁል ይጓዛል፤ ማታ የተሣለው ሥዕል ጧት ሌላ መልክ ይዞ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ከዚህ የተነሣ ያንኑ መልክ ዳግመኛ ማውጣት ለሠራውም ሰው አይቻለውም። የመኪና ማንሻ ወድቆበት አንድ ጥግ ቢሸረፍ፣ ያንን ጥግ ብቻ ለይቶ ከቀረው ጋር የሚስማማ አድርጎ መጠገን ከባድ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ወይ ጠባሳውን ይታገሣል፣ ወይ ወለሉን በሙሉ ያስለብሳል። ባለ ቀለም ፍንካች የሚበተንበት ሌላው የኢፖክሲ ዓይነት ግን ጭረትንም አቧራንም በዝንጉርጉሩ ውስጥ ይሸሽጋል። እንደ እኔ አስተያየት ከሆነ፣ በጋራዡ ውስጥ ሞተር የሚፈታና ብየዳ የሚበይድ ሰው ሜታሊኩን ትቶ ፍንካቹን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሜታሊክ የሚገባው መኪናውን አቁሞ ለሚገባና ቦታውን ለእንግዳ ለሚያዘጋጅ ነው።

የወለሉን ዕድሜ የሚወስነው ግን በሥሩ የተሰወረው ሥራ ነው። ቀቢው ስለ ኅብረ ቀለሙ ግማሽ ሰዓት ተርኮ ስለ መፍጫው ማሽን አንዲት ቃል ካልተነፈሰ፣ ባለቤቱ ቢያሰናብተው አይፈረድበትም። ኢፖክሲ ለስላሳ ሲሚንቶ አይጨብጥም፤ ወለሉ በአልማዝ መፍጫ ተፍቆ ሻካራ መሆን አለበት፤ አሲድ አፍስሶ ማጠብ ድካሙን የሚቀንስ ቢመስልም፣ ዘይት የጠጣውን ቦታ ሳይነካው ያልፋል። ውሃ ጠብ ተደርጎ ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ከቀረ፣ በላዩ ዘይት ወይም የቀድሞ ቫርኒሽ አለ ማለት ነው። እርጥበቱም እንዲሁ ይመረመራል፤ 45 ሴንቲሜትር በ45 የሆነ ላስቲክ አራቱ ዳር በፕላስተር ታሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ከቆየ በኋላ ሲገለጥ፣ ከሥሩ ጤዛ ከታየ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ ከመሬት የሚወጣው እርጥበት ሽፋኑን አሳብጦ ሊያነሣው ስለሚችል፣ ሥራው መፍትሔ እስኪገኝለት መቆም አለበት። አዲስ ኮንክሪት ደግሞ በልማድ ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል።

ስለ ውፍረቱ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 1 ሊትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ ቢፈስ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ይሰጣል፤ እንግዲህ ሁለት መኪና የሚይዝ 37 ካሬ ሜትር ወለል በዚህ ውፍረት እንዲሸፈን ለሜታሊኩ ብቻ 37 ሊትር ግድም ያስፈልጋል። በጥቂት ሊትር የሁለት መኪና ማቆሚያ ይሸፍናል ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሣጥን ውስጥ ያለው ስስ ቀለም እንጂ ይህ ወለል አይደለም። የስስነቱም ፍዳ የሚታየው በጎማ ነው፤ ከአውራ ጎዳና የገባ ጎማ ግሎ ይቆምና ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ሽፋኑን ይስባል፤ በሚገባ ያልያዘው በጎማው ልክ ተገሽልጦ ይነሣል።

በሜታሊኩ ላይ የሚደረበው ግልጽ ሽፋንም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ኢፖክሲ የፀሐይን ጨረር አይችልም፤ ቢጫ ይሆናል፤ በተለይም በሩ ሥር ብርሃን የሚገባበት መስመር ከሌላው አስቀድሞ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ በላዩ ዩሬቴን ወይም ፖሊአስፓርቲክ ይደረብበታል፤ ጭረቱንም የሚቀበለው እርሱ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ መኪና በክረምት በረዶና ጨው ተሸክሞ ስለሚገባ፣ መስተዋት የመሰለው ወለል ሲርስ አረጋዊ እናትን ሊጥል ይችላል፤ ደቃቅ የአልሙኒየም ኦክሳይድ አሸዋ ከዚህ ሽፋን ጋር ቢደባለቅ አብረቅራቂነቱ ጥቂት ቢቀንስም እግር ይቆነጥጣል። ይህን የሚቃወም ቀቢ ስለ ፎቶግራፉ እንጂ ስለ ቤተሰቡ አላሰበም።

ጊዜውም ይመረጣል። የወለሉ ሙቀት አየሩ ጤዛ ከሚጥልበት ደረጃ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልበለጠ፣ ሽፋኑ ወዛምና ነጣ ያለ ሆኖ ይቀራል፤ እርጥበት ከሚበዛበት ሐምሌ ይልቅ ጸደይና መኸር የሚመረጡት ለዚህ ነው። ራሱ ልሥራው የሚል ሰው ጓንት ሳያጠልቅ አይንካው፤ ያልረጋ ኢፖክሲ ቆዳን የሚያስቆጣ ነውና፣ አንዴ አለርጂ ያስያዘው ሰው ከዚያ ወዲያ ጥቂቱም ያሳክከዋል። አልቆ ሲረጋ በ24 ሰዓት ገደማ በእግር ይረገጣል፤ መኪናው ግን እንደ ዓይነቱና እንደ ሙቀቱ ከ3 እስከ 7 ቀን ውጭ ያድራል። ከዓመታት በኋላ ግልጹ ሽፋን ሲደበዝዝ፣ ሥዕሉ ሳይነካ ላዩን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ አዲስ መደረብ ይቻላል።