ውሃ በስድስት ኪሎ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ውሃ በስንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን ብንጠይቅ፣ ትናንት የገባው የአንደኛ ዓመት ተማሪም ሆነ ዘንድሮ የሚመረቀው ሳያመነታ «በመቶ!» ይለናል። መልሱ በመጽሐፉ ላይ ትክክል ነው፤ በእኛ ምድጃ ላይ ግን ትክክል አይደለም። እዚህ ስድስት ኪሎ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብለን በተቀመጥንበት ስፍራ፣ ድስት ጥደን ቴርሞሜትር ብንነክርበት፣ ውሃው ሲንተከተክ የምናነበው ቁጥር 92 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ከሰሉን ብናራግበው፣ ቡታጋዙንም እስከ መጨረሻው ብንከፍተው ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ይህ ነገር ለፊዚክስ ተማሪዎች ብቻ የተተወ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን በአንዲት ምድጃ ለምንኖር ተማሪዎች፣ እነዚህ የጎደሉት 8 ዲግሪዎች በየወሩ ከኪሳችን ገንዘብ፣ ከጥናታችንም ሰዓት ይወስዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጤናችንን ይነካሉ። ስለዚህ በመጀመሪያ ምክንያቱን፣ ቀጥሎም መላውን እንመልከት።

ውሃ የሚፈላው በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ተቋቁሞ አረፋ ሆኖ ለመውጣት ሲችል ነው። በባሕር ዳር፣ በምጽዋ ወይም በጅቡቲ እንበል፣ የአየሩ ሸክም ሙሉ ስለሆነ ውሃው 100 ዲግሪ ካልደረሰ አይችለውም። እኛ ግን የአየሩን አንድ አራተኛ ያህል ከበታቻችን ትተን ወጥተናል፤ ከራሳችን በላይ የቀረው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። ሸክሙ ሲቀል ውሃውም ቀደም ብሎ ይፈላል። አንድ ጊዜ መፍላት ከጀመረ ደግሞ የሚጨመርለትን ሙቀት ሁሉ እንፋሎት ለመሆን ስለሚያውለው ከዚያ በላይ አይሞቅም።

በዚህ ነገር የተቸገርነው እኛ ብቻ አይደለንም። ቻርለስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1835 የደቡብ አሜሪካን የአንዲስ ተራሮች ሲያቋርጥ፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ከአድረው ድንች ቀቀሉ። ድስቱ ሌሊቱን ሙሉ ከእሳት ላይ አደረ፤ በማግሥቱም እንደ ገና ተፈላ፤ ድንቹ ግን አልበሰለም። አብረውት የነበሩት ሁለት መንገደኞች ጉዳዩን መርምረው የደረሱበት ፍርድ፣ ድስቱ አዲስ ስለሆነ ድንች መቀቀል አልፈለገም የሚል ነበር። ዳርዊን ይህን በጉዞ መጽሐፉ ላይ አስፍሮታል። እኛም ባቄላው ሲገግምብን ባለሱቁን «ያረጀ እህል ሸጠልን» ብለን ከማማት አልፈን አናውቅም። ባለሱቁን ሙሉ በሙሉ ነጻ አናወጣውም፤ ብዙ የከረመ ጥራጥሬ በእርግጥ ለመብሰል ያስቸግራል። ጥፋቱ ግን ሁሉ የእሱ አይደለም።

የቀድሞ ተጓዦች ይህንኑ ችግር መሣሪያ አድርገውት ነበር። ከባድና ተሰባሪ የሆነውን ባሮሜትር በበቅሎ ጭኖ ገደል ከመውጣት ይልቅ፣ ጥቂት ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር በመለካት የተራራውን ከፍታ ያሰሉ ነበር። ሒሳቡ በግምት ከተያዘ ቀላል ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በዚህ መሠረት ጋምቤላ ላይ ውሃ ከ98 ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ድሬዳዋ ላይ በ96፣ ባሕር ዳር ላይ በ94 ገደማ ይፈላል። እንጦጦ ጫፍ ወጥቶ ሻይ የሚያፈላ ሰው 90 ቢያገኝ ይበቃዋል። ራስ ዳሸን ላይ የሚያድር ደግሞ በ85 ገደማ ይወሰናል።

በአገራችን ይህ ሕግ ተገልብጦ የሚታይበት አንድ አስገራሚ ስፍራ አለ፤ እርሱም በአፋር በረሃ የሚገኘው ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ የአየሩ ሸክም ከምጽዋም ይበልጣል፤ ንጹሕ ውሃም ከ100 ዲግሪ ጥቂት አለፍ ብሎ ይፈላል። ነገር ግን ከመሬት ከሚፈልቁት ቢጫና አረንጓዴ ምንጮች አንዳንዶቹ እስከ 108 ዲግሪ ደርሰው ተለክተዋል። ዝቅታው ያተረፈላቸው ግማሽ ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ነው። ውሃው እንዲህ ግሎ እንፋሎት ሆኖ የማያልቀው ሌላ ጨው መያዝ እስከማይችል ድረስ ጨው ስለሞላበት ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው ድስታችን ውስጥ ጨው እንጨምር!» ይላል። ሒሳቡን ሠርተነዋል፤ አያዋጣም። አንድ ሊትር ውሃ በአንዲት ዲግሪ ከፍ ብሎ እንዲፈላ 58 ግራም ያህል ጨው ያስፈልጋል። የባሕር ውሃ እንኳ በሊትር የሚይዘው 35 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንዲት ዲግሪ ለማትረፍ ከባሕር ውሃ የከፋ ወጥ መብላት ይኖርብናል፤ ስምንቱን ለማስመለስ ግን ዳሎል መውረድ ሳይሻል አይቀርም።

ሌላው የሚታሰበው መላ ክዳኑን በድንጋይ መጫን ነው። ይህም ተሰልቷል። አፉ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ድስት ክዳኑ አየር ሳያስወጣ ቢገጥም እንኳ፣ አንዲት ዲግሪ ለማግኘት 9 ኪሎ ያህል ድንጋይ መጫን አለበት። ለስምንት ዲግሪ የሚሆነውን ድንጋይ የሚሸከም ምድጃ አከራዮቻችን አላስገቡልንም።

የድንጋዩ ሐሳብ በመሠረቱ ግን ትክክል ነው። ደኒ ፓፐን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1679 ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ ወፍራም የብረት ድስት ሠርቶ በለንደን አሳየ፤ ድስቱ እንዳይፈነዳም በክብደት የሚዘጋ የእንፋሎት መውጫ አበጀለት። እ.ኤ.አ. በ1682 ሊቃውንቱን እራት ጠርቶ አጥንት ሳይቀር እስኪለሰልስ አብስሎ አበላቸው። ዛሬ ፕሬሸር ኩከር የምንለው የዚያ ድስት ልጅ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ እንኳ በውስጡ ያለው ሙቀት ከ110 ዲግሪ ያልፋል። ለሦስትና ለአራት ሆነው አንድ ቤት ለተከራዩ ጓደኞች ገንዘብ አዋጥቶ አንድ መግዛት ከምናውቃቸው ወጪዎች ሁሉ ቶሎ የሚመለሰው ነው። ነገር ግን ጥራጥሬ አረፋው ቀዳዳውን ስለሚደፍን ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ቀዳዳውም በየጊዜው ይጠረግ፤ እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣም ክዳኑን ለመክፈት አይታገሉ።

ፕሬሸር ኩከር የሌለው ምን ያድርግ? ከሁሉ በፊት እሳቱን ይቀንስ። በኃይል የሚንፈቀፈቅ ውሃና ቀስ ብሎ የሚፈላ ውሃ ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው የሚባክነው ነዳጅ ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃን ከቧንቧ ተቀድቶ እስኪፈላ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ይልቅ፣ ያንኑ ውሃ እንፋሎት አድርጎ ለመጨረስ የሚፈጀው ከሰባት እጥፍ ይበልጣል። ቤቱን በእንፋሎት የሚሞላ ሰው ገንዘቡን በመስኮት እየላከ ነው። ክዳን ይደፋበት፤ መፍላቱ ሳይቋረጥ እሳቱ ዝቅ ይበል።

ቀጥሎ፣ ባቄላም ሆነ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ ማታ ተዘፍዝፎ ይደር። ቲማቲምና ሎሚም መጨረሻ ላይ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬውን ቆዳ ያጠነክረዋልና። እዚህ ላይ የእናቶቻችንን ሥራ ሳናደንቅ አናልፍም። ሽሮ ማለት አተሩ ወይም ሽምብራው ውሃ ሳያገኘው በፊት በደረቅ እሳት ተቆልቶ የተፈጨ ማለት ነው። ደረቅ እሳት ደግሞ የአየር ግፊት አያግደውም፤ ቆሎ በእንጦጦም በምጽዋም እኩል ይቆላል። ዱቄቱም ድስት ውስጥ ሲገባ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ክክም እንዲሁ ቆዳው ተገፎ ለሁለት ስለተከፈለ ውሃው በቀላሉ ይገባዋል። ተማሪ ሁሉ በሽሮ የሚኖረው ርካሽ ስለሆነ ብቻ ነው የሚሉ፣ የነዳጁን ሒሳብ ረስተዋል።

አሁን ወደ ጤናው ነገር እንምጣ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሳለ ወይም ሳይበስል ሲበላ ብርቱ ማስመለስና ተቅማጥ የሚያመጣ መርዝ በውስጡ አለው። ለብ ባለ ከሰል ላይ ጥዶ ትምህርት ቤት መሄድ መርዙን አያጠፋውም። ቢያንስ አምስት ሰዓት ይዘፍዘፍ፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ ከግማሽ ሰዓት ያላነሰ በደንብ ይፍላ። በእኛ ከፍታ ደግሞ ከዚያም በላይ ቢቆይ እንመክራለን።

የሚጠጣ ውሃን በተመለከተ ግን፣ «92 ዲግሪ ተስቦ አይገድልም» የሚለውን ወሬ ማንም እንዳያምን። የተስቦና የተቅማጥ ተዋሲያን፣ አሜባና ጃርዲያም ጭምር፣ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት ይሞታሉ። ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው ምክር ውሃው በደንብ መፍላት ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ እንዲቆይ ነው። ሃያ ደቂቃ ማንተክተክ ከሰል ማባከን ነው። ሲበርድም በተፈላበት ዕቃ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ባልታጠበ ጆግ ከተገለበጠ ሦስቱም ደቂቃ ከንቱ ቀረ። በሕክምና መሣሪያ ላይ ግን ወሬው እውነት አለው፤ አንዳንድ ተዋሲያን የሚሠሩት ጠንካራ ዘር በ92ም በ100ም አይሞትም። ስለዚህ ሐኪም ቤቶች የፓፐንን ድስት የመሰለ፣ 121 ዲግሪ የሚደርስ ኦቶክሌቭ ይጠቀማሉ።

ከፍታችን የጎዳው ሌላው ነገር ሻይ ነው። ቅጠሉ በ92 ዲግሪ እንደልቡ ስለማይለቅ ቀጠን ይላል፤ ጥቂት ደቂቃ ቢጨመርለት ይካሳል። ቡና ግን አልተጎዳም። በቆላ አገር የሚኖሩ የቡና አዋቂዎች ውሃውን 100 አድርሰው ካፈሉ በኋላ ከ96 በታች እስኪበርድ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ በላይ ያለው ሙቀት ቡናውን ያመርረዋል ይላሉ። የእኛ ጀበና መጠበቅ ሳያስፈልገው እዚያው ላይ ይፈላል።